«ብያን» እና «ምና»፦ በአይሪሽ ቋንቋ «ሴት» የሚለው ስም እንዴት ይረባል?

አየርላንድ ውስጥ ምግብ ቤት ገብቶ መጸዳጃ ቤት የሚፈልግ እንግዳ አንዳንድ ቦታ ሁለት በሮች ፊት ግራ ይጋባል። አንደኛው በር ላይ በላቲን ፊደል «ኤም፣ ኤን፣ ኤ» ተጽፏል፤ ሁለተኛው ላይ «ኤፍ፣ አይ፣ አር»። እንግሊዝኛ የለመደ ዓይን በ«ኤም» የሚጀምረውን የወንዶች፣ በ«ኤፍ» የሚጀምረውን የሴቶች አድርጎ ይወስዳል። ነገሩ ግን ግልባጩ ነው። የመጀመሪያው «ምና» ተብሎ ይነበባል፤ ሴቶች ማለት ነው። ሁለተኛው «ፊር» ነው፤ ወንዶች።

«ምና» ብዙ ቁጥር ነው። ነጠላው «ብያን» ይባላል። አይሪሽ የሚማር ሰው ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ የሚያገኘው ይህ ቃል የቋንቋውን ሰዋስው ከሞላ ጎደል በሙሉ ተሸክሟል። የቃል መነሻ ድምፅ መለወጥ፣ ጾታ፣ ዘርፍ፣ አቆጣጠር፣ ሁሉም እዚህ አንድ ቃል ላይ ይታያሉ። ስለዚህ «ብያን»ን በደንብ የተረዳ ሰው ሌሎቹን ስሞች ሲያገኝ መሠረቱ በእጁ ነው።

ከአነባበቡ እንነሳ። ቃሉ የሚጻፈው «ቢ፣ ኢ፣ ኤ፣ ኤን» ተብሎ ነው። መሀል ላይ ያለችው «ኢ» ራሷን ችላ አትነበብም፤ ሥራዋ «ብ»ን ማለስለስ ነው። የአይሪሽ ተነባቢዎች አብዛኞቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። ቀጭኑ ምላስ ወደ ላንቃ ከፍ ብሎ «ይ» እንደ መጨመር ያለ ድምፅ ይሰጣል። እኛ «ባ» እና «ቧ»ን ለይተን እንደምንጽፍ ሁሉ፣ እነሱ «ባ» እና «ብያ»ን ይለያሉ፤ ልዩነቱ ግን የሚታየው ከተነባቢው ቀጥላ በምትመጣው አናባቢ ነው። ያቺ «ኢ» ከወጣች «ባን» ይቀራል፤ «ባን» ደግሞ ሌላ የሰዋስው ሥራ ያለው ቅርጽ ነው፤ ኋላ እንመጣበታለን።

ቃሉ ዛሬ ሦስት ቅርጾች አሉት። «ብያን» ለነጠላ ባለቤትና ተሳቢ ያገለግላል። «ምና» ሁለት ሥራ አለው፦ ነጠላ ዘርፍ («የሴት») ይሆናል፣ ብዙ ቁጥር ባለቤትም («ሴቶች») ይሆናል። «ባን» ደግሞ የብዙ ቁጥር ዘርፍ ነው፤ «የሴቶች» ማለት። በድሮ ጽሑፎች ከመስተዋድድ በኋላ የሚመጣ «ምኒ» የሚባል አራተኛ ቅርጽ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው መደበኛ ሰዋስው ይህን ወደ ጎን ስለተወው ዛሬ የሚማር ሰው ሲያነብ ካወቀው ይበቃዋል።

ታዲያ «ብያን» እንዴት «ምና» ሆነ? ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ወዲያው «ብእሲት»ን ያስታውሳል፤ ነጠላው «ብእሲት»፣ ብዙው «አንስት»፣ ሥርወ ቃላቸው ለየቅል የሆነ ሁለት ቃላት። የአይሪሹ ግን እንዲህ አይደለም። «ብያን» እና «ምና» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። በጥንቱ ቋንቋ ሥሩ አንድ ጊዜ በመሀሉ አናባቢ ነበረው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አናባቢው ይወድቅና «ብን» የሚል ጥምር ይቀር ነበር። «ብ» ከ«ን» ጋር ሲጋጠም በአፍንጫ መነገር ጀመረና «ምን» ሆነ። «አንበሳ» ስንል አፋችን «አምበሳ» ወደ ማለት እንደሚሄደው ማለት ነው፤ ጎረቤት ድምፆች ይሳሳባሉ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። በምዕራቡ የኮናክት እና በሰሜኑ የአልስተር አነጋገር «ምና» ተብሎ የተጻፈው «ምራ» ተብሎ ይነገራል። በደቡቡ በመንስተር «ን»ው እንዳለ ነው። ጽሑፉ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው።

የቃሉ ሥር ከአየርላንድ ይርቃል። የሕንድና አውሮፓ ቋንቋዎች የጋራ እናት በሆነው ጥንታዊ ቋንቋ ሥሩ የሚጀምረው በ«ጐ» ነበር፤ ለዚህ ድምፅ የራሳችን ፊደል ስላለን «ጐን» ብለን ብንጽፈው ብዙም አንሳሳትም። አይሪሽ በሚገኝበት በኬልቲክ ቋንቋዎች ቤተሰብ «ጐ» ወደ «ብ» ተለወጠ። በግሪክ «ጊኔ» ሆኖ ቀረ፤ ሐኪም ቤት የምንሰማው «ጋይናኮሎጂ» የሚጀምረው በዚሁ ቃል ነው። የእንግሊዝኛው «ኩዊን» ማለትም ንግሥትም የዚሁ ሥር ዘር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አማርኛ እምርነትን (ነገሩ የታወቀ መሆኑን) የሚያሳየው በቃሉ መጨረሻ ነው፦ ሴትዮ፣ ሴትዮዋ። አይሪሽ ከስሙ በፊት ትንሽ ቃል ያስቀምጣል፤ ለነጠላ «አን»፣ ለብዙ ቁጥር እና ለአንስታይ ነጠላ ዘርፍ «ና»። ነገር ግን ይህች ትንሽ ቃል ዝም ብላ አትቀመጥም፤ የተከታዩን ስም የመጀመሪያ ድምፅ ትነካካለች። «ብያን» ሴት፣ «አን ቭያን» ሴትዮዋ። ሴቶቹ፣ «ና ምና»። የሴቶቹ፣ «ና ማን»። ጀማሪ ሰው «ቭያን» እና «ማን»ን በመዝገበ ቃላት ፈልጎ የሚያጣቸው ለዚህ ነው።

ይህ ለውጥ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በጥንት ጊዜ ያቺ ትንሽ ቃል ራሷ መጨረሻዋ እንደ ጾታውና እንደ ቁጥሩ ይለዋወጥ ነበር። ለአንስታይ ነጠላ በአናባቢ ትጨርስ ነበር። ስለዚህ የስሙ «ብ» በሁለት አናባቢዎች መሀል ወደቀ፣ ላላ፣ «ቭ» ሆነ። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ከራሱ አፍ ሊሰማው ይችላል፤ «አበባ» የሚለውን ፈጠን አድርጎ ይበል፣ ከንፈሩ «በ» እና «ባ» ላይ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችንም በዕብራይስጥ «ቤት» የሚባለው ፊደል አንዴ «ብ» አንዴ «ቭ» ሆኖ ሲነበብ ለምደውታል። አይሪሽ ላይ ልዩ የሆነው ቀጥሎ የመጣው ነው፦ አናባቢው ከጊዜ ብዛት ወደቀ፣ ያመጣው መላላት ግን ቀረ።

ለብዙ ቁጥር ዘርፍ ደግሞ ያቺ ቃል በ«ን» ትጨርስ ነበር። «ን» እና «ብ» ሲገናኙ «ምብ» ሆኑ፣ እንደ «አምበሳ»። ቀጥሎ «ብ» ራሱ ዝም አለና «ም» ብቻ ቀረ። ሲጻፍ ግን ሁለቱም ፊደላት ይቀመጣሉ፤ «ኤም» ከፊት፣ «ቢ» ከኋላ። የሚነበበው የፊተኛው ብቻ ነው። ይህ አጻጻፍ ለተማሪ ትልቅ ውለታ ነው፤ የሚነገረውንም፣ የቃሉን እውነተኛ መነሻም አብሮ ያሳያል።

ሦስተኛው ጥንታዊ መጨረሻ «ስ» ነበር፤ ለአንስታይ ነጠላ ዘርፍ እና ለብዙ ቁጥር። ይህ «ስ» ተነባቢ ፊት ጠፋ፣ አናባቢ ፊት ግን ወደ «ህ» ተለውጦ ኖረ። ለዚህ ነው አየርላንድ በአይሪሽ «ኤረ» ስትሆን፣ «የአየርላንድ ሴቶች» ግን «ምና ና ሄረን» የሚሆነው። ሜሪ ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1990 የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ፣ በእንግሊዝኛ ንግግራቸው መሀል ሴት መራጮቻቸውን ያመሰገኑት በዚህ የአይሪሽ ሐረግ ነው።

ስለ «ቭ» አጻጻፍ አንድ ነገር እንጨምር። የላላውን «ብ» ዛሬ የሚጽፉት ከ«ቢ» በኋላ «ኤች» በመጨመር ነው። በቀድሞው የአይሪሽ ፊደል ቅርጽ ግን «ቢ»ው አናት ላይ ነጥብ ያደርጉ ነበር። እኛም «በ» ላይ ሰረዝ ጨምረን «ቨ»ን ሠርተናል። ሁለት የተራራቁ ሕዝቦች አንድ ድምፅ ሲያስቸግራቸው አንድ ዓይነት መላ መምታታቸው ደስ ይላል።

ወደ ዘርፍ እንሂድ፤ ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ነው። አማርኛ «የሴትዮዋ ቤት» ይላል፣ ባለንብረቷን ያስቀድማል። አይሪሽ እንደ ግዕዝ ነው። «ቤተ መንግሥት»፣ «ቤተ ክርስቲያን» ስንል የተያዘው ነገር ይቀድማል፣ ያዡ ይከተላል። ልዩነቱ ግዕዝ የመጀመሪያውን ቃል («ቤት» ወደ «ቤተ») ሲለውጥ አይሪሽ ሁለተኛውን መለወጡ ነው። ቤት «ትያኽ» ይባላል፤ መጨረሻው የእኛው «ኽ» ነው። «የሴትዮዋ ቤት»፣ «ትያኽ ና ምና»። «የሴቶቹ ቤት»፣ «ትያኽ ና ማን»። «የአንዲት ሴት ቤት»፣ «ትያኽ ምና»።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው «ትያኽ አን ቭያን» ማለት ነው፤ ስሙ ወደ ዘርፍ ቅርጹ ሳይለወጥ ቀርቷል። ሁለተኛው «አን ትያኽ ና ምና» ማለት ነው። ቤቱ የታወቀ ቤት ስለሆነ «አን» የሚያስፈልገው ይመስላል፤ ነገር ግን ያዡ እምር ከሆነ ፊተኛው ቃል ራሱን ችሎ «አን» አይወስድም። የግዕዙን ሥርዓት ያሰበ ሰው እዚህ አይወድቅም።

ሌላው አሻሚ ነገር «ና ምና» ብቻውን «የሴትዮዋ» እና «ሴቶቹ» ሁለቱንም ሊሆን መቻሉ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የዓረፍተ ነገሩ ቦታ ይለየዋል። ቅጽል ሲጨመር ግን ጥርጣሬው ይጠፋል፣ ቅጽሉም ከስሙ ኋላ እየተከተለ ይረባልና። «ሞር» ትልቅ ማለት ነው። ትልቅ ሴት፣ «ብያን ዎር»፤ ስሙ አንስታይ ስለሆነ የቅጽሉ «ም» ላልቶ «ው» ወይም «ቭ» ሆኗል። የትልቋ ሴት፣ «ና ምና ሞርየ»። ትልልቆቹ ሴቶች፣ «ና ምና ሞረ»። የትልልቆቹ ሴቶች፣ «ና ማን ሞር»፤ እዚህ ቅጽሉ ነጠላውን መልኩን መልሶ ይይዛል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ተማሪ «ሞረ» ብሎ የሚሳሳትበት ነው። ደንቡ ይህ ነው፦ ስሙ በብዙ ቁጥር ባለቤትና በብዙ ቁጥር ዘርፍ የተለያየ ቅርጽ ካለው («ምና» እና «ባን» እንደሚለያዩት)፣ በዘርፉ ጊዜ ቅጽሉ ነጠላውን መልክ ይይዛል።

የመስተዋድዶች ነገር እንደ አካባቢው ይለያል። አይሪሽ «አለው፣ አላት» የሚል ግሥ የለውም፤ ነገሩ «በእሷ ዘንድ አለ» ይባላል። «ሴትዮዋ ቤት አላት» ለማለት «ታ ትያኽ አግ አን ምያን» ይላሉ፤ ቃል በቃል «ቤት በሴትዮዋ ዘንድ አለ»። «አግ» ከ«አን» ጋር ሲመጣ «ብያን» ወደ «ምያን» ይለወጣል። በአልስተር ግን በዚሁ ቦታ «አግ አን ቭያን» ይላሉ፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። የሚሻለው አንዱን መርጦ በእሱ መጽናት ነው። «ለሴትዮዋ» ሲሆን በመደበኛው ሰዋስው «ዶን ቭያን» ነው።

ወደ ትርጉሙ ስንመጣ ቃሉ ሴትም ሚስትም ነው። «ሞ ቭያን» ያለ ባል ሚስቴ ማለቱ ነው። ለይቶ መናገር ሲያስፈልግ «ብያን ኼለ» ይባላል፤ «ኬለ» ባልንጀራ፣ የኑሮ አጋር ማለት ነው። «ብያን አን ቲ» ደግሞ የቤቱ ሴት ማለት ነው («ቲ» የ«ትያኽ» ዘርፍ ነው)፤ ለእኛ ከ«እመቤት» የሚቀርብ ቃል አይገኝለትም፣ «እመ ቤት» ነውና። አይሪሽ በዕለት ኑሮ በሚነገርባቸው የገልታክት አካባቢዎች፣ ቋንቋውን ለመማር በክረምት የሚመጡ ተማሪዎችን ቤቷ ተቀብላ የምታበላና የምታሳድር ሴት በዚህ ስም ትጠራለች።

በዚሁ ምሳሌ አንድ ጥሩ ነገር ማየት ይቻላል። «የእሱ»፣ «የእሷ» እና «የእነሱ» በአይሪሽ ሦስቱም አንድ ቃል ናቸው፣ «አ»። ልዩነቱን የሚሸከመው ተከታዩ ተነባቢ ብቻ ነው። ስለ አንድ ወንድ ተማሪ ስንናገር «አ ቭያን ቲ»፣ የሚያድርበት ቤት እመቤት። ስለ ሴት ተማሪ «አ ብያን ቲ»። ስለ ብዙ ተማሪዎች «አ ምያን ቲ»። አማርኛ «ቤቱ፣ ቤቷ፣ ቤታቸው» ብሎ ጫፍ ላይ የሚያስቀምጠውን አይሪሽ አንገት ላይ አስሮታል። የመጀመሪያ ድምፅ ለውጥን እንደ ጌጥ ቆጥሮ የሚዘለው ተማሪ የሚጎዳው እዚህ ነው፤ ተነባቢውን ካልለወጠ የእሱን የእሷ ይላል፣ አድማጩም የሚያውቅበት ሌላ መንገድ የለም።

ከሌላ ስም ጋር ተጣምሮ ሲመጣ ቃሉ ብዙ የሥራ ስሞችን ይሰጣል። «ብያን ግሉንየ» አዋላጅ ናት፣ ቃል በቃል «የጉልበት ሴት»፤ «ግ»ው ከጉሮሮ ላልቶ የሚወጣ፣ እንደ ዓረብኛው «ገይን» ያለ ነው። «ብያን ኺንተ» ለቅሶ ቤት ግጥም እየደረደረች የምታስለቅስ ሴት ናት፤ አልቃሽ ብንላት ሥራዋንም ስሟንም አገኘነው። እንግሊዝኛ ወስዶ ለዓለም ያሰራጨው «ባንሺ» ደግሞ «ብያን ሺ» ነው። «ሺ» በአፈ ታሪክ መናፍስት የሚኖሩበት ጉብታ ነው፤ የጉብታው ሴት ቤተሰቡ ውስጥ ሰው ሊሞት ሲል ታለቅሳለች ይባላል።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ ይጠይቅ ይሆናል፦ የአዋላጇና የአልቃሿ ሁለተኛ ቃል ላልቷል፣ የ«ሺ» እና የ«ቲ» ግን ለምን አልላላም? ምክንያቱ «ብያን» በ«ን» መጨረሱ ነው። ምላስ ለ«ን» ጥርስ አጠገብ ላይ እያለች ቀጣዩ ድምፅም እዚያው የሚነገር «ት»፣ «ድ» ወይም «ስ» ከሆነ መላላቱ ይቀራል። በሌላ ቦታ ከተነገረ («ክ»፣ «ግ»፣ «ም») ይላላል።

«ባን» የሚለው ወፍራሙ ቅርጽ ደግሞ ከሌላ ቃል ፊት እየተለጠፈ አንስት ያደርጋል። «ዲያ» አምላክ ነው፣ «ባንዲያ» የሴት አምላክ። «ባንሪን» ንግሥት ናት። «ባኒሽ»፣ ማለትም የሠርግ ድግስ፣ ከ«ባን» እና ድግስ ከሚለው ጥንታዊ ቃል የተሠራ ነው።

ሴቶችን መቁጠርም የራሱ ሕግ አለው። ለዕቃ የሚሆነው «ሁለት፣ ሦስት» ለሰው አያገለግልም፤ ከሁለት እስከ አሥር እና ለአሥራ ሁለት ለሰው ብቻ የተለዩ ቁጥሮች አሉ፣ እነሱም የብዙ ቁጥር ዘርፍን ይጎትታሉ። ሁለት ሴቶች «ቤርት ዋን» ናቸው («ባን» ላልቶ)፣ ሦስት ሴቶች «ትርዩር ባን»። አማርኛ «ሁለት ሴት»ም «ሁለት ሴቶች»ም ስለሚል ተማሪው «ብያን»ን ወይም «ምና»ን ቁጥር ኋላ ማስቀመጥ ይቀናዋል፤ በመደበኛው ሰዋስው ሁለቱም እዚህ ቦታ የላቸውም።

ስለ ጾታ አንድ ማስጠንቀቂያ። «ብያን» አንስታይ መሆኑ አያስገርምም፤ «ካሊን»፣ ልጃገረድ፣ ግን በሰዋስው ተባዕታይ ነው። ልጅቷ «አን ካሊን» ናት፣ «ክ»ው አይላላም። በአይሪሽ ጾታን የሚወስነው ብዙ ጊዜ የቃሉ መጨረሻ ነው፤ ትንሽነትን የሚያሳየው «ኢን» የሚለው መጨረሻ ደግሞ በአብዛኛው ወደ ተባዕታይ ይወስዳል።

«ና ማን» የሚለውን ሐረግ በታሪክ መጽሐፍም በዘመን መቁጠሪያም ታገኙታላችሁ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1914 ደብሊን ላይ የተመሠረተውና በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ በተነሣው የ1916 አመፅ የተሳተፈው የሴቶች ድርጅት «ኩመን ና ማን» ይባላል፣ የሴቶች ማኅበር። ጃንዋሪ 6 ደግሞ «ኖለግ ና ማን» ነው፣ የሴቶች ገና፤ በተለይ በደቡቦቹ አውራጃዎች በኮርክ እና በኬሪ በዚያ ቀን የቤቱን ሥራ ወንዶች ይይዙና ሴቶቹ ይጠያየቃሉ። ለእኛ የገና ዋዜማ መሆኑ ነው። ሁለቱን ስሞች ስትጽፉ «ኤም» ትንሹ ፊደል፣ «ቢ» ግን ትልቁ ፊደል ይሆናል፤ ትልቁ ፊደል የሚገባው ለእውነተኛው የቃሉ መነሻ ነው፣ ከፊት ለተጨመረው አይደለም።

መዝገበ ቃላት ስትከፍቱም በዚሁ መንገድ ሂዱ። ቃሉ በ«ቢ» እና «ኤች» ከጀመረ «ኤች»ን አውጡና በ«ቢ» ፈልጉ። በ«ኤም» እና «ቢ» ከጀመረ «ኤም»ን አውጡ። «ምና» ብቻ በዚህ መንገድ ስለማይገኝ በቃል መያዝ አለበት፤ «ኤ»ው ላይ ያለችው ጭረትም አትዘለል፣ አናባቢውን የምታረዝመው እሷ ናት። «ትያንግለን» በሚባለው የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት ላይ ቃሉን በአልስተር፣ በኮናክት እና በመንስተር አነጋገር ማዳመጥ ይቻላል፤ «ምና» እና «ምራ»ን አከታትሎ የሰማ ጆሮ አይረሳቸውም። ለማታውቋት ሴት ደብዳቤ ስትጽፉ ደግሞ መክፈቻው «አ ቭያን ኡሰል» ነው፣ ክብርት እመቤት ሆይ። ይህች «አ» የመጥሪያዋ ናት፤ እሷም ተነባቢውን ታላላለች።